ቀለበትና ሁለት መስቀል

ወረቀቱን ግራሲዬት ፊት ጠረጴዛው ላይ እጥለዋለሁ። ጫፉ ሾርባዋ ውስጥ ይነከራል።

«ይሄ ምንድን ነው?» እላታለሁ።

«የጤና መድንሽ ነዋ። ደህና ዋልሽም የለ?»

ቅዳሜ ነው፤ የኛ የፖርቱጋሎች ክበብ እንደ ወትሮው ጢም ብሏል። ግራሲዬት በመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ አትነሳም። ጀርመንኛ የማናነብ ሁሉ ደብዳቤያችንን ይዘን የምንመጣው እሷ ጋ ነው። እኔ ተራ ጠብቄ አላውቅም። ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ አበልጄ ናት።

«ትናንት ዶክተር ኦት ጋ ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ ካርዴን አየችና መለሰችኝ። አዲሱ መድንሽ መጀመሪያ ስልክ ደውለሽ ካልፈቀዱልሽ ለሐኪም አይከፍልም አለችኝ። ደንቆሮ እንደምታናግር በእጇ የስልክ ምልክት እያሳየች።»

ግራሲዬት ማንኪያዋን ታስቀምጣለች። «የስልኩ ዓይነት ነዋ። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። ደስ ይልሻል ብዬ ነው።»

«እኔ ምን ነበር ያልኩሽ? በኅዳር፣ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ?»

«ዴኦሊንዳ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! አንድ ሐኪም መርጠሽ ሁልጊዜ መጀመሪያ እሱ ጋ የምትሄጂበት ዓይነት አለ አልሽኝ። እሱን አልኩሽ። ዶክተር ኦትን ጻፊልኝ አልኩሽ። እሺ ብለሽ አስፈረምሽኝ።»

ከካርታ ተጫዋቾቹ መሃል ሽማግሌው አቢልዮ አንገቱን ያዞራል። «እሷን ደግሞ ማስፈረም ምን ይከብዳል? የጋብቻ ወረቀቷንም ሳታነብ ፈርማ አይደል ያን ባሏን ያገኘችው!»

ይስቃሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

«አንተ ካርታህን ተጫወት። ለነገሩ እሱንም አታውቅበትም» እለዋለሁ።

አሥራ ስምንት ዓመት የስዊሶችን ደረጃ ስወለውል ኖሬያለሁ፤ ጀርመንኛዬ ከባልዲና ከመጥረጊያ አያልፍም። ዶክተር ኦት ጋ ግን ቋንቋ አስፈልጎኝ አያውቅም። በጣቴ አሳየዋለሁ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ እያልኩ። እሱ ይዳስሳል፣ ያዳምጣል፣ ይገባዋል። በስልክ ጣት አይታይም።

«እኔ እደውልልሻለሁ እኮ» ትላለች ግራሲዬት፤ ድምጿ ለስልሷል። «ምን ችግር አለው? ምንሽን እንዳመመሽ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ምኔን እንዳመመኝ ለባሌ እንኳን አልነገርኩም።

«ቀይሪልኝ።»

«እስከሚቀጥለው ጥር አይቀየርም። ሕጉ ነው፣ እኔ አላወጣሁት።»

«የራስሽን አሳዪኝ።»

«የምን የራሴን?»

«ውልሽን። እዚያ ማህደር ውስጥ ነው፤ የሁላችንም እዚያ አይደል ያለው።»

እጇን ማህደሩ ላይ ትጭናለች። እኔ ውሃ የሞላ ባልዲ ይዤ አራተኛ ፎቅ የምወጣ ሴት ነኝ። ማህደሩን ከእጇ ሥር መንጭቄ ወረቀቶቹን እገልጣለሁ።

የሷን ስም አውቀዋለሁ፤ በልጄ የክርስትና ወረቀት ላይ አለ። ማንበቡስ ብዙም አይሆንልኝም፤ ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ዓመት ነው፣ እሱም ፍየሎቹ ሲፈቅዱልኝ። ከስሟ ዝቅ ብሎ ያለውን ስም ግን በመልኩ እለየዋለሁ። ፍሪጄ ላይ የምለጥፈው የቀጠሮ ካርድ ሁሉ ያ ስም አለበት። አንድ ቀለበት የመሰለ ፊደል፣ ከጎኑ ሁለት መስቀል። ኦት።

«ለራስሽ እሱን መረጥሽ» እላታለሁ።

ማህደሩን ወደ ራሷ ትስባለች።

«ወገብሽን የያዘሽ ጊዜ ደግፌ እሱ ጋ የወሰድኩሽ እኔ ነኝ። እኔ ባልወስድሽ ቤቱንም አታውቂውም ነበር።»

«ሳንድሮ አርባ ሰው ማስፈረም ነበረበት» ትላለች በመጨረሻ፣ ሾርባዋን እያየች። ሳንድሮ ልጇ ነው፤ መድን የሚሸጡ ሰዎች ጋ ተቀጥሯል። «በስልኩ ዓይነት አርባ ሰው። ሠላሳ ዘጠኝ አድርሶ አንድ ጎደለው። ሊያባርሩት ነበር፣ ዴኦሊንዳ። አንቺ ደግሞ መቼ ታመሽ ታውቂያለሽ? በቅሎ ነሽ እኮ!»

«አርባኛዋ እኔ ነኝ።»

«አበልጄ፣ ስልክሽን ስጪኝ። አሁኑኑ ልደውልልሽ።»

አልሰጣትም። ቁጥሩ የመድን ካርዴ ጀርባ ላይ አለ፤ ቁጥር ደግሞ የትም አገር ቁጥር ነው። አንድ በአንድ እጫነዋለሁ። ሙዚቃ ይመጣል፣ ማለቂያ የሌለው ሙዚቃ። ካርታ የሚጥል እንኳን የለም። ከዚያ አንዲት ልጅ እግር ሴት ጀርመንኛዋን ታንበለብለዋለች፤ መጨረሻው ጥያቄ መሆኑ ብቻ ይገባኛል።

«ያመኛል» እላታለሁ በጀርመንኛ። እሱን አውቀዋለሁ።

ሌላ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። ደግማ ትጠይቀኛለች፣ ቀስ ብላ። የቱ ጋ ነው እያለችኝ መሆን አለበት።

«እዚህ ጋ» እላለሁ በራሴ ቋንቋ። «እዚህ ጋ ነው።»

ጣቴ ካፖርቴ ውስጥ ገብቶ ግራ ጡቴ ሥር፣ ጠጠር የመሰለው እብጠት ላይ አርፏል። ልጅቷ ሃሎ፣ ሃሎ ትላለች። ጣቴን አላነሳም።

የምታየው ግራሲዬት ብቻ ናት።