የዘርፌ እጅ

ይሁኔ ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ዘርፌ እግር ሥር ይደርሳል። ግንባሩን መሬት ያስነካል።

«ስለ እግዜር» ይላል፣ ለአፈሩ።

ባሏን ጥላዬን የገደለው እሱ ነው። በእርሻ ድንበር ተጣሉ፤ አንድ ጊዜ በዱላ መታው፤ በቃ። አሁን እስሩን ጨርሶ መጥቷል። ዘርፌ ድንጋዩን ካወረደችለት ደሙ ደረቀ ይባላል። ካላወረደችለት፣ የጥላዬ ወንድም አያሌው ጠመንጃውን ወልውሎ ጨርሷል። አያሌው የጀመረውን ደግሞ ነገ ልጇ ዳዊት ይወርሰዋል።

«እመት ዘርፌ፣ ፀሐዩ ከረረ» ይላሉ ከወይራው ሥር አንዱ ሽማግሌ። «ለሱ አንገት ባታዝኚ ለኛ ወገብ እዘኚ።»

የሚስቅ የለም። ዘርፌ ከሽማግሌዎቹ መካከል ወደ ሸህ ይማም ትዞራለች። ለዚህ እርቅ ብለው ከእስቴ ድረስ መጥተዋል። የጥላዬ ወዳጅ ነበሩ።

ጥላዬ መጻሕፍት የሚወድ፣ ከማስተማሩ ጎን የሚያርስ መምህር ነበር። ሸሁ በመጡ ቁጥር ደጃፏ ላይ ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። ጥላዬ የጥንት ግሪኮችን ይዞ፣ «ደግ ሆኖ የሚወለድ የለም» ይላል። «ደግ ሥራን ደጋግሞ ሲሠራ ነው ሰው ደግ የሚሆነው፤ ወይፈን ቀንበር እንደሚለምደው።» ሸሁ ደረታቸውን ነካ ያደርጋሉ። «መጀመሪያ ኒያው ነው እንጂ፣ ልብ ያሰበው። ልብ ያላሰበውን እጅ ቢሠራው ምን ዋጋ አለው?» እሷ ንፍሮ እያቀረበች በሁለቱም ትስቅ ነበር።

«ሸህ» ትላለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልቤ እንቢ ብሎኛል። ልብ የሌለበት አይቆጠርም ይሉ አልነበር?»

«ብያለሁ» ይላሉ ሸሁ። «ጥላዬ ቢኖር ግን፣ አንቺ በእጅሽ ጀምሪው፣ ልብሽ ይከተላል ይልሽ ነበር።»

«ጥላዬማ ቢኖር እዚህ ምን ያቆመኛል?»

ሸህ ይማም አቀርቅረው መቁጠሪያቸውን ይነካካሉ።

ከኋላዋ አያሌው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ዘወር ብላ ታያለች። ዳዊት ከአጎቱ ጎን፣ ልክ እንደ አጎቱ እጁን አጣምሮ፣ ልክ እንደ አጎቱ ጥርሱን ነክሶ ቆሟል።

ዘርፌ ጎንበስ ትላለች። ድንጋዩን በሁለት እጇ አንስታ መሬት ላይ ታስቀምጠዋለች።

«ተመስገን» ይላሉ ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ። አንዲት ሴት እልል ትላለች።

ዘርፌ ልቧን ትፈትሻለች። የተነቃነቀ ነገር የለም። ጥላቻዋ ትናንት በነበረበት ተቀምጧል፣ እንዲያውም ብሶበታል።

ቀና ልትል ስትል ግን እጇ አብሯት አልተነሳም። ይሁኔ ማጅራት ላይ ነው። ድንጋዩ የተወበትን አፈር፣ ጥላዬ ከእርሻ ሲገባ ያደርግለት እንደነበረው፣ ቀስ እያለ ያራግፍለታል።