የኋላ ማርሽ

የድልድዩ ግማሽ ለጥገና ስለፈረሰ መኪና የሚያልፈው ተራ በተራ ነበር። ባንዲራ ያዡን አለቃው ጠዋት፣ "መንገዱ ዛሬም ከተዘጋ ነገ እንዳትመጣ" ብለውታል።

አምስት ሰዓት ላይ ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮች ቀዩን ባንዲራ ንቀው ከሁለቱም ጫፍ ገቡና መሀል ላይ ተፋጠጡ።

"የኋላ ማርሽ አስገባ!" አለ ሸምሱ።

"እኔ? ለአንተ? ሚስቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች!" አለ አጥናፉ።

ባንዲራ ያዡ ሁለቱንም ለመነ፤ የሰማው አልነበረም። በመጨረሻ ተሰልፎ ከቆመ አውቶቡስ ሦስት ሽማግሌዎች ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ግራ ቀኙን ሰሙ፤ ተመካከሩ። ታላቅየው ተነሥተው፣ "አንዱ ብቻ ቢመለስ ውርደቱ ለእሱ ይሆናል። ሁለታችሁም ወደ ኋላ ተመለሱ" ብለው ፈረዱ።

ሾፌሮቹ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ከዚያም የኋላ ማርሽ አስገብተው ወደየመጡበት ጫፍ ተመለሱ። ተሳፋሪው አጨበጨበ። ባንዲራ ያዡም በደስታ ለሸምሱ አረንጓዴውን አውለበለበለት።

"ኧረ ነውር ነው! አጥናፉ ይቅደም!" ብሎ ጮኸ ሸምሱ።

"በሞቴ፣ አንተ ቅደም!" አለ አጥናፉ ከማዶ።

"አላደርገውም፣ ወንድሜ!"

የባንዲራ ያዡ ስልክ ጠራ። አለቃው ከሰልፉ መጨረሻ ነበሩ።

"ድልድዩ አሁንም ዝግ ነው?"

"ኧረ ባዶ ነው፣ አለቃ።"

"ታዲያ ሰዉ ምን እየሠራ ነው?"

"እየተገባበዙ ነው።"