ሁለት ፍርድ፣ አንድ ማኅተም

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ጡረታ ከወጣ ሠላሳ ዓመት ቢያልፈውም፣ የእጅ ጽሑፉ ዝና ገና ጡረታ አልወጣም። ፊደሎቹ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሞት የተፈረደበት አንድ ሌባ እንኳ ወረቀቱን ተቀብሎ "ወይ ማማሩ!" ብሏል አሉ። ውሸትም ቢሆን ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት በሩን አንኳኳች። አዋላጅ ናት፤ ጸጉሯ ግማሽ በግማሽ ሸብቷል።

"የሰዓት ሠሪው ልጅ ነኝ፣ አባባ" አለች።

ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሰዓት ሠሪው የእህል ነጋዴውን በመዶሻ ገድለሃል ተብሎ ከተሰቀለ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። መዶሻውን ግን እስከ ዛሬ ያየው የለም።

"ምን ፈለግሽ፣ ልጄ?"

"አጥንቱን። ከእስር ቤቱ ግቢ አውጥቼ ከእናቴ ጎን ላሳርፈው። የድሮ ፍርድ የሚመረምረው ኮሚቴ፣ ፍርዱ የተበላሸ መሆኑን የሚመሰክር ሰው አምጪ አለኝ። ቀነ ገደቡ ነገ ነው። ከዚያ ችሎት በሕይወት የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"ሞት ለጽሑፉ ሳስቶለት ነው" አለች ሚስቱ፣ መስኮቱ ሥር ሹራብ እየሠራች።

ሴትዮዋ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ፊቷ እንደ ተጠረገ ሰሌዳ ነበር።

"ዳኛው ከነጋዴው ወንድም ጉቦ በልተዋል ይባላል።"

"ቤታቸው በዚያው ወር አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል" አለ ጸሐፊው።

"ፍርዱ በተነበበ በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ሰው ሁሉ ጉቦው አነቃቸው አለ።"

"ትኩሳት ነው የተባለው" አለች ሚስቱ።

"በትኩሳት የሞተ ሁሉ ንጹሕ ነው እንዴ?" አላት።

ከዚያም የድሮውን አሠራር ለሴትዮዋ አስረዳት። ዳኛው የመጨረሻውን ምስክር ሰምተው ከመነሣታቸው በፊት ሁለት የተጻፉ ወረቀቶች ይቀርቡላቸዋል። አንዷ "ይሰቀል" ትላለች፣ ሌላዋ "ይለቀቅ"። ሁለቱንም ፈርመው ቤታቸው ይሄዱና ነገሩን እንደ በሬ ሲያመሰኩት ያድራሉ። በማግስቱ ጠዋት በመልእክተኛ አንዲት ቃል ይልካሉ። ጸሐፊው የማትፈለገዋን እሳት ውስጥ ይጨምራል፤ የቀረችውን ማኅተም መትቶ ለችሎቱ ያነባል።

"ታዲያ የአባቴን 'ይለቀቅ' ያቃጠሉት እርስዎ ነዎት?"

"በዚህ እጄ።"

"ማን አዘዘዎት?"

ጸሐፊው መነጽሩን መልሶ ዓይኑ ላይ አደረገ።

"የሟች ስም አላነሣም ብዬ አርባ ሁለት ዓመት ቻልኩት" አለ። "ወረቀት ስጭኝ።"

ዳኛው በዚያ ጠዋት "ይሰቀል" ብለው እንደላኩበት ጻፈ። ቃሉን ይዞ የመጣውም የነጋዴው ወንድም አሽከር እንደነበር ጨመረበት። ግማሽ ገጽ ላይ ሲደርስ አንዲት ፊደል ዘመም አለችበት። ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለና ከመጀመሪያው ጀመረ።

"አንተ ሽማግሌ! ነገ ነው ያለችህ እንጂ የዛሬ ዓመት አላለችህም" አለች ሚስቱ።

"ዝም በይ፣ እጄን ታንቀጠቅጪዋለሽ።"

ፈረመ። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አጥፋ ብብቷ ሥር ከተተችውና ጎንበስ ብላ እጁን ሳመች። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

"አሁን ይሰጡኛል" አለች። "እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ።"

እስከ በሩ ሸኛትና ተመልሶ ተቀመጠ። ሚስቱ ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"የዳኛውን ሚስት አውቃቸው ነበር" አለች። "ያን ጠዋት ባላቸው ሰው መለየት አቅቷቸው በላብ ተጠምቀው ተኝተው ነበር። እውነት ያን ጠዋት ሰው ላኩብህ?"

"አልላኩም። እስከ አምስት ሰዓት ጠበቅኩ። ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።"

"ታዲያ በምን መረጥክ?"

"'ይለቀቅ' የምትለዋ ላይ የቀለም ጠብታ ወድቆባት ነበር።"