ፈቃድ ጠያቂው ሰንጢ

ስለት ሁሉ የመንግሥትን የፈቃድ ማዕከል ሳያስፈቅድ እንዳይከፈት ከታወጀ ወዲህ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ሰንጢ "ለምን ፈለጉኝ?" የማይለው ሰው የለም። ፈቃድ እስኪመጣ ስለቱን የሚይዘውን መቆለፊያና ሰንጢው ኪስ ላይ የሚያዝበትን ክሊፕ የነደፈችው የሰንጢ ፋብሪካው ባለሙያ ደብሪቱ ናት።

ባለፈው ወር አባቷ አቶ ይመኑ በሬ ሲያስሩ ገመዱ እጃቸው ላይ ተጠመጠመ፤ በሬው ደንብሮ ጎተታቸው። ገመዱን ሊቆርጡ በሌላው እጃቸው ሰንጢያቸውን አወጡ። "ጥያቄዎ እየታየ ነው" አላቸው ሰንጢው። ፈቃዱ ሲመጣ ገመዱ ሁለት ጣታቸውን ቆርጦት ነበር።

ዛሬ ደብሪቱ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየቆለፈችላቸው ሳለ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ምትኩ ሊጠይቋቸው መጡ። "እግዜር ይማርዎ" ብለው አዲስ ሰንጢ በስጦታ ሰጧቸው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ "መቆለፊያሽን እስካሁን የሰበረው የለም፤ እንከን አይወጣለትም" አሏት።

ደሟ ፈላ። "የአባቴ ጣት ሜዳ ላይ ቀርቶ፣ እንከን አይወጣለትም ይሉኛል?"

"ሕግ ነው እኮ፣ ደብሪቱ።"

"ሕጉን ያወጣው መንግሥት ነው፤ ብረቱን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ!"

ብሎን መፍቻዋን አንስታ ስጦታውን ፈታታችው። ፈቃድ የሚጠይቀውን ክፍል ከነመቆለፊያው አውጥታ በመስኮት ወረወረችው፤ ሰንጢውንም መልሳ ገጥማ ለአባቷ ሰጠቻቸው።

አቶ ምትኩ ብድግ አሉ። "ይሄ ወንጀል ነው! ከነገ ጀምሮ ሥራ እንዳትገቢ!"

"አልገባም። ሰንጢ ያለው ሁሉ ግን ወደዚህ ይምጣ፤ እፈታለታለሁ።"

አባቷ ሰንጢውን በቀሩት ጣቶቻቸው ይዘው ስለቱን ዘረጉት። ምንም አልጠየቃቸውም።

"የጎረቤታችንን የዘውዴን አስቀድሚ፣ ልጄ" አሉ። "እሱም በሬ አለው።"