የ«መልሽልኝ» መልስ

ጆሮ እጁን ያነሳል። «እንዳትተነፍሱ» ይላል፣ እንደ ቀልድ። የቴፑን ጥቅልል ግን አራስ እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ ማሽኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ስቱዲዮው የእሱ ነው። ትንኝ ስታስነጥስ ይሰማል ተብሎ ነው ጆሮ የተባለው።

ልጄ አጠገቤ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ዘፋኝ ናት፤ የእኔን «መልሽልኝ» በራሷ ድምፅ ልትሠራው ነው። ከመጀመሪያው ቅጂ ላይ ሳክስፎኑን ልውሰድ ብላ፣ ዘፈኑን ያሳተመው ሙዚቃ ቤት መጋዘን ውስጥ አቧራ ስትቅም ሰንብታ ቴፑን አገኘችው። ባለቤቱ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቹ «ውሰጂው፣ ቦታ ነው የያዘብን» አሏት። እኔን የጠራችኝ ለምርቃት ነው።

ቴፑ ይዞራል። የሃያ ስድስት ዓመቱ ድምፄ ይወጣል፤ ቀጭን፣ ጉረኛ።

«አባዬ፣ ምን የመሰለ ድምፅ ነበረህ!»

«ነበረህ ነው እንግዲህ» እላለሁ። ጆሮ ይስቃል።

ይህን ዘፈን ያልዘፈነው የለም። መጀመሪያ አንድ የሠርግ ዘፋኝ አፍጥኖ አስጨፈረበት። ቀጥሎ የፖሊስ ባንድ ያለ ቃል፣ በጥሩምባ ብቻ ተጫወተው። አንዲት ዘፋኝ ወደ ወንድ አዙራ «መልስልኝ» አለችው፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ታስለቅሳለች፣ ምቀኛ አይደለሁም። ባለፈው ዓመት ደግሞ ልጆች አንዷን ቃል ብቻ አስቀርተው የሚዘለልበት ነገር አደረጉት። ሁሉም ግን አንድ ናቸው፦ ሰውዬው ደጅ ቆሞ ይለምናል፣ ከውስጥ የሚመልስ የለም፣ ሳክስፎኑ ያለቅሳል፣ ያልቃል። ሰው የወደደውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አዝማች ያበቃል። ሳክስፎኑን እንጠብቃለን። የሚመጣው የሴት ድምፅ ነው።

በሬን መች ዘጋሁት፣ ገፋ አድርገው አንዴ፣
ደጅ ቆሞ ልመና፣ ባዳ ነህ እንዴ?

የያዝኩትን የውሃ ብርጭቆ አስቀምጠዋለሁ።

«ማናት ይቺ?» ትላለች ልጄ።

ጆሮ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። «የአንቺው ድምፅ እኮ ነው» ይላታል። «ትንሽ ሳሳ ያለ እንጂ።»

ልጄ ወደ ስፒከሩ ትዞራለች። ከዚያ ፊቷ ሲለወጥ አያለሁ። «እማዬ?»

እናቷ ካረፈች ስምንት ወሯ ነው።

«እማዬ የዘፈነችውን ቴፑ በልቶታል አላላችሁኝም? እሷ ራሷ ነች የነገረችኝ። ‹እኔም አንዴ ዘፍኜ ቴፕ በላብኝ፣ እድሌ ነው› እያለች ትስቅ ነበር።»

«ኧረ ቴፑ ደህና ነው» ይላል ጆሮ። «አንድ ቦታ እንኳ አልተነካም።» ይህን ካለ በኋላ ነው ነገሩ የሚገባው። ማሽኑን ያቆምና «ሻይ ላስመጣላችሁ» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ይወጣል። በሕይወቴ እንደዚህ በር ሲዘጋ ከብዶኝ አያውቅም።

«አባዬ?»

«ቆረጥነው» እላታለሁ። «የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ‹ሴትየዋ በሩን ከከፈተችለትማ ምኑን ዘፈን ሆነ? ሰው የሚያለቅሰው ተዘግቶበት ነው› አለ። ከዚያ አየኝ። እናትሽ ያኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ የከበሮ መቺውን ልጅ ታጫውታለች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።»

«ግጥሙ የማን ነው?»

«የሷ። ተጣልተን ሦስት ቀን ደጇ ስመላለስ፣ በአራተኛው በመስኮት ብቅ ብላ ያለችኝ ነው። እኔ ልመናዬን ዘፈን አደረግኩት፣ እሷ መልሷን።»

ልጄ ጣቶቿን ታያለች። እናቷም ስትናደድ ጣቶቿን ነበር የምታየው።

«ዘፈኑ ታዲያ ወጣ፣ ሰው ወደደው» እቀጥላለሁ። «የሙዚቃ ቤቱ ሰውዬ አልተሳሳተም፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ኋላ ልንገራት ስል አንቺ ተወለድሽ፣ ቤት ሞላ፣ እንግዳ በዛ። ውሸትም ሲከርም እንደ ቤት ዕቃ ይለመዳል፣ ዞረሽው ታልፊያለሽ እንጂ አታዪውም።»

«እኔ እኮ» ትላለች፣ ድምጿ ይቆራረጣል፣ «ስታንጎራጉር እንኳ ሰምቻት አላውቅም። እሹሩሩም ያለችኝ አክስቴ ናት። ድምፅ የለኝም ትል ነበር። እኔም አመንኳት።»

ኮሪደሩ ላይ ጆሮ ከሆነ ሰው ጋር በሹክሹክታ ያወራል።

«ቴፑ በላው ብለህ ስትነግራት አመነችህ?»

ይህን እስካሁን የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም፣ ወይም ጠይቄ መልሱን ሸሽቼዋለሁ።

«ሸክላው የወጣ ቀን ሳሎን አብረን ተቀምጠን ሰማነው» እላታለሁ። «ሁለተኛው አዝማች ሲያልቅ እጄን ያዘች። አብራ ልትል ከንፈሯን ከፈት አደረገች። ሳክስፎኑ መጣ። ‹ቴፑ በላብሽ፣ ልነግርሽ ፈርቼ ነው የቆየሁት› አልኳት። ‹ይሁና› አለች። ከዚያ ‹ድስቱ እንዳያርብኝ› ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።»

«እሺ?»

«ቆየችብኝ፣ ተከትዬ ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ምድጃው አልተለኮሰም። የተጣደም ነገር የለም።»

ልጄ ቀና ብላ ታየኛለች። «ምን አልካት?»

ምንም አላልኳትም። ወደ ሳሎን ተመለስኩና ሸክላውን እንደገና ከመጀመሪያው አስነሣሁት።