ጀልባዋ ስትነሳ

ወንድሟ ሙባረክ ከቢሾፍቱ ሐይቅ በቪዲዮ ሲደውልላት፣ ነስሪን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በዊልቸሯ ተቀምጣ ነበር። እሱ ስልኩን የሸራው ምሰሶ ላይ አስሮ፣ እሷ ድሮ ትነዳት የነበረችውን ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባዋን ይነዳል። ንፋሱ በርትቷል፤ ጀልባዋ ግን አፍንጫዋን ውሃው ውስጥ ቀብራ ታዘግማለች።

“ወደ ኋላ ተጠጋ!” አለችው። “የሸራውን ገመድ ትንሽ ላላ አድርገህ ወደ ውጪ ተንጋለል!”

“ብወድቅስ?”

“ዋና ትችል የለ እንዴ? ተንጋለል!”

ተንጋለለ። የጀልባዋ አፍንጫ ቀና አለ፤ ውሃውን መግፋቷን ትታ በላዩ ላይ መንሸራተት ጀመረች። ሙባረክ በደስታ ጮኸ።

ነስሪን በመኪና አደጋ መራመድ ካቃታት ወዲህ ሊፍት በሌለው ሕንፃ በሰው ሸክም ከመውረድ ቤት መዋልን መርጣ ነበር። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

“እማዬ፣ ጎረቤቶቹን ጥሪልኝ” አለች። “ቢሾፍቱ ልሄድ ነው። ተሸክመው ያውርዱኝ።”