መነጽሩ ውስጥ ያለው መደብ

«ጥሩ» አሉ ወይዘሮ ዳርቱ።

«አቤት» አለች ጥሩብርሃን፤ ከወንበሯ ብድግ ብላም ወደ እሳቸው ተራመደች። እናቷም የሥራ ጓደኞቿም ስሟን አሳጥረው የሚጠሯት እንደዚያ ነው።

ወይዘሮ ዳርቱ ግን አልጠሯትም። ከግንባር እስከ ጉንጫቸው የሚሸፍን ጥቁር የቪአር መነጽር አጥልቀው፣ ቢሮው መሀል ቆመው፣ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረውን ቤታቸውን እያዩ ነበር። «ሳሎኑን ነው እኮ የምለው፣ ጥሩ ነው። ጎበዝ ነሽ ልጄ» አሉ፣ ክንዳቸውን ወደ ደገፈችው ወደ ሲፋን ዘንበል ብለው።

የጥሩብርሃን ባልደረባ ሲፋን ሳቀች። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት የቢሮው ባለቤት አቶ ወንደሰንም ፈገግ አሉ። ጥሩብርሃን ሳይጠሯት የመጣች እንግዳ ሆና ወለሉ ላይ ቀረች። ተመልሳ መቀመጡም አሳፍሯት ወንበሯን ተደግፋ ቆመች።

ቤቱን የነደፈችው እሷ ናት። አያት ሰፈር ያለውን ቦታ በክረምት ጭቃ እየረገጠች ለክታዋለች። የካ ሚካኤል ወዳለው አሮጌ ቤታቸው ሄዳ ሴትየዋ እንዴት እንደሚኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የት እንደሚሞቁ አይታለች። የካርቶን ሞዴሉን ስትሠራ ምላጩ ጣቷን በልቶታል። ባለፈው ወር ግን ፕላኑን ዘርግታ ላስረዳ ስትል የልኬት ቁጥር ብቻ ደረደረች። ወይዘሮ ዳርቱ ወረቀቱን ዘቅዝቀው ይዘው ትንሽ ካዩት በኋላ፣ እናንተ ካወቃችሁት ይበቃል ብለው መለሱላት።

ከዚያ ሲፋን መጣች። በአቶ ወንደሰን ትእዛዝ የጥሩብርሃንን ሥራ ከኮምፒዩተሯ ወስዳ መነጽሩ ውስጥ ከተተችው። ፀሐይ አወጣችለት፣ ዛፍ ተከለችለት፣ ከመስኮቱ ባሻገር እንጦጦን አቆመችለት። ከግድግዳው አንድ ስንዝር አልነካችም። ዛሬም ወይዘሮ ዳርቱን ከደረጃው ጀምራ በኦሮምኛ እያጫወተች ነው ያስገባቻቸው። ማን ሠራው ብለው ሲጠይቋት፣ እኛ ነን ብላ መለሰች። ውሸት አይደለም። ጥሩብርሃንን የበላትም ውሸት አለመሆኑ ነበር።

ግንባታውን እስከ ቁልፍ ርክክብ ከሁለቱ ማን እንደምትከታተል ወይዘሮ ዳርቱ ራሳቸው ይምረጡ ብለዋል አቶ ወንደሰን። ጥሩብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ወዲህ የሰው ንድፍ ስታርም ነው የኖረችው፤ የራሷ የምትለው ቤት ከመሬት ሲነሳ አንድም ቀን ቆማ አይታ አታውቅም።

«ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዳርቱ፣ ባዶ አየር ላይ የመስኮት ደፍ እየዳሰሱ። «እኔ ግን ይኸው ወተቷንም አየሁ።»

አቶ ወንደሰን ከልባቸው ሳቁ። ያን መስኮት የጠዋት ብርሃን አልገባ ብሎ ስንት ጊዜ አፍርሳ እንደሳለችው ጥሩብርሃን ታውቃለች። አሁን እሱን እየዳበሱ ሌላዋን ይመርቃሉ። የሲፋንን የተሠራ ጥፍር አየችው፤ ምላጭ ያልነካው ጣቷንም አየችው፤ ጠላችው።

ሲፋን ደግሞ ቤትዎ ሲመሽ ምን እንደሚመስል ላሳይዎት ብላ ክንዳቸውን ለቀቀችና ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች። የአቶ ወንደሰን ስልክ ጠራና አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ ዳርቱ ብቻቸውን በዝግታ ተራመዱ፤ እግራቸውን ከፍ አድርገው የሌለ ደፍ ተሻገሩ። በረንዳ ወጥተዋል ማለት ነው፤ ጥሩብርሃን ቤቱን ዐይኗን ጨፍና ታውቀዋለች።

«ውይ፣ መደቤ» አሉ።

ከበሩ ጎን፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የተሠራ የድንጋይ መደብ ነው፤ በአሮጌው ቤታቸው ደጅ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውን ሰላም እያሉ የሚውሉበትን ዓይነት። ጨምሪ ያላት የለም። አይታ፣ ዝም ብላ የጨመረችው ነው።

ወይዘሮ ዳርቱ ጀርባቸውን ሰጡት። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ከኋላቸው ከባዶ የሴራሚክ ወለል በቀር ምንም የለም።

ያየችው ጥሩብርሃን ብቻ ናት። እማማ ብላ ብትጣራ ይበቃ ነበር፤ አልተጣራችም። ቢወድቁ መነጽሩም አብሯቸው ይወድቃል፤ ዳግመኛ ዐይናቸው ላይ አያደርጉትም። ክንዳቸውን ማን እንደለቀቀ ሁሉም ያያል። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይመለሳሉ፣ ወደ ካርቶኑ፣ ወደ እሷ። አሰበችው፤ አስባም ደስ አላት። ደስታው ሞቅ ብሎ ከሆዷ ወደ ደረቷ ሲወጣ ተሰማት።

የአሮጊቷ ጉልበት ታጠፈ።

ጥሩብርሃን ወንበሯን ገፍታ ከኋላቸው አደረሰችው።

«እፎይ» አሉ ወይዘሮ ዳርቱ፣ ክብደታቸውን ጥለውበት። ጎንና ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «እኔ እኮ ለዐይን ብቻ መስሎኝ። ያስቀምጣልም? ሲፋን፣ አንቺ የማትሠሪው ነገር ምን አለ?»

ሲፋን ዞር አለች። ወንበሩን አየች፤ ከወንበሩ ኋላ ያሉትንም እጆች አየች። ከዚያ ወደ ኮምፒዩተሩ ተመልሳ ምሽቱን አበራች።

«አቶ ወንደሰን» አሉ ወይዘሮ ዳርቱ፣ ፊታቸውን ከእሳቸው በቀር ማንም ወደማያየው እንጦጦ አቅንተው፣ «ምርጫው የኔ ነው ካላችሁ፣ ቤቴን ይቺው ሲፋን ትከታተልልኝ።»

አቶ ወንደሰን ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው ይሁን አሉ።

ወንበሩ ባለ ጎማ ነበር። ጥሩብርሃን እንዳይሸሽ መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘችው፤ ወይዘሮ ዳርቱ ምሽቱን አይተው እስኪጠግቡ ድረስም አልለቀቀችውም።